ክብ ትሪ ላይ የጠፋች ቲማቲም

ሰፈሩ «ጋሼ ደቂቃ» ይለዋል። ስሙን ያወጡለት ደንበኞቹ ናቸው። ሰዓት ያሠራ ሰው «ደረሰልኝ?» ብሎ አንገቱን በመስኮቷ ባስገባ ቁጥር፣ ከአጉሊ መነጽሩ ቀና ሳይል «አንድ ደቂቃ» ይላል፤ ያቺ አንድ ደቂቃ አንዳንዴ ሁለት ሳምንት ትፈጃለች። ሱቁ ከአንድ ፎቅ ደረጃ ሥር የተወሸቀች፣ ሁለት ሰው ከገባባት ሦስተኛው ደጅ የሚቆምባት ክፍል ናት። ግድግዳውን ከታች እስከ ላይ ትንንሽ ቆርቆሮዎች ሞልተውታል። እያንዳንዷ ቆርቆሮ ውስጥ የአንድ ሰው ሰዓት ጥርሱ፣ ሞላው፣ ብሎኑ ተፈታትቶ ተኝቷል፤ ክዳኑ ላይ የባለቤቱ ስም ተጽፏል። በሠላሳ ስምንት ዓመት ውስጥ የአንዱን ብሎን ለሌላው ገጥሞ አያውቅም። ይህን ለሰው ሁሉ ይናገራል፤ ሳይጠየቅም ይናገራል።

ምስጢሩ ቀላል ነው፤ በአንድ ጊዜ አንድ ቆርቆሮ ብቻ ነው የሚከፍተው። ችግሩ ግን ሥራውን ያቃናለት ይህ መሆኑን ልብ ብሎት አያውቅም። ክዳኑ ላይ መጻፉ ይመስለው ነበር። እንግዲህ ጣጣው ሁሉ የመጣው ከዚህ ነው።

እቤት ውስጥ የዘር ሰው ሚስቱ ናት። ከቤታቸው ጀርባ ያለችው መሬት ሁለት አልጋ ብታዘረጋ ነው፤ ሴትዮዋ ግን በዚያች ላይ በየዓመቱ ስድስት ዓይነት ቲማቲም ታበቅላለች። ሦስቱን ሕፃን ልጅም ይለያቸዋል፤ አንዱ ቢጫ ነው፣ አንዱ እንደ እንቁላል ሞላላ ነው፣ አንዱ ደግሞ ከአውራ ጣት ጫፍ አይበልጥም። የቀሩት ሦስቱ ግን የአንድ እናት ልጆች ይመስላሉ። ሦስቱም ሰፋፊ፣ ትከሻቸው የተሸበሸበ፣ ሲበስሉ ቀያቸው ወደ ሮዝ የሚያደላ ናቸው። አንደኛው ከጎረቤታቸው ከነርሷ፣ ሁለተኛው ከጡረተኛው ሾፌር በልውውጥ የተገኘ ነው። ሦስተኛው ግን የሚስቱ እናት ዘር ነው፤ እሷም «የእማዬ» ትለዋለች።

እናትየው ከሞቱ ሃያ ሦስት ዓመት ሆኗቸዋል። ቤታቸው ተሸጧል። ከፎቶግራፋቸው የቀረችው አንዷም ፊታቸው ላይ የዛፍ ጥላ ያረፈባት ናት። ከእናትየው በሕይወት የቀረ ነገር ቢኖር ያቺ ቲማቲም ብቻ ናት፤ ሚስቱም እንደ ዓይኗ ብሌን ነው የምትጠብቃት። የሰፈሩ የጓሮ ሰዎች በዓመት አንድ ቀን በቤተ መጻሕፍቱ አዳራሽ ተሰብስበው ዘር ይለዋወጣሉ። እሷም ሌላውን ሁሉ በፖስታ በፖስታ እያደረገች ታድላለች፤ የእማዬን ሲጠይቋት ግን «እሷ ሰው አትለምድም» ብላ ታሳልፋለች።

አምና ነገሩ ተለወጠ። ችግኞቹ ክንድ ሲያህሉ በረዶ ወረደ፤ የእማዬ ስምንቱም ድምጥማጣቸው ጠፋ። ከድሮው ዘር እቤት የቀረውን ጠርጋ እንደገና ዘራች፤ ከዚያም አንድ እግር ብቻ በቀለላት። ያንን አንድ እግር በሽንት ጨርቅ ቀረሽ እንክብካቤ አሳድጋ ለፍሬ አበቃችው። ከዚያ ወዲህ ፍርሃት ገባት። «እኛ ቤት አንድ ነገር ቢሆን አለቀች ማለት ነው» አለችው። «ዘንድሮ እሰጣለሁ። ለአሥራ ሁለት ሰው እሰጣለሁ።»

ይህን ባለች በሳምንቱ ሌላ ከተማ ያለችው ልጃቸው መንታ ተገላገለች። ልጅየዋ አንዱን ስታባብል ሌላው እየጮኸባት ራሷን ልትስት ደረሰች፤ እናት ለአሥር ወር ልትረዳት ሻንጣዋን አነሣች። ፍሬው ገና እየቀላ ነበር። ከመሄዷ በፊት ወጥ ቤት ቁም ሣጥኑ በር ላይ ወረቀት ለጠፈችለት፦ ከየዓይነቱ ያማረውን ቁረጥ። ዘሩን ከነዝልግልጉ ብልቃጥ ውስጥ ጨምቅ። ሦስት ቀን ይብላላ፤ ይሸታል፣ አትደንግጥ። ከዚያ እጠበው፤ የማይረባው ይንሳፈፋል፣ ደህናው ይሰምጣል። ጥላ ላይ አድርቅ። ስማቸውን ብልቃጡ ሆድ ላይ ጻፍ። «ሆድ» ከምትለው ቃል ሥር ሁለት ጊዜ አስምራለች።

ጋሼ ደቂቃ ይህችን መስመር አንብቦ ሳቀ። ስም የት እንደሚጻፍ ለሱ ይነገረዋል? ሆድ ላይ የተለጠፈ ወረቀት ውሃ ሲነካው ይላቀቃል። እሱ የስድስት የማርማላታ ብልቃጥ ክዳን አሰለፈ፤ በዚያ ቁንጥጥ ባለ የእጅ ጽሑፉ «የእማዬ»፣ «የነርሷ»፣ «የሾፌሩ»፣ «ቢጫው»፣ «ሞላላው»፣ «ጥቃቅኑ» ብሎ ጻፈ፤ በፕላስተርም ሸፈነው። ስድስቱን ብልቃጦች በትልቁ ክብ ትሪ ዙሪያ ደረደራቸውና ራቅ ብሎ አያቸው። ኮራ።

በሦስተኛው ቀን ጠዋት ወጥ ቤቱ ሸተተ። ሸተተ ስል እንዲያው ለአፍ ነው፤ አፍንጫውን በመሐረብ ይዞ ነው የገባው። ስድስቱንም ክዳን ከፈተ። ከውስጥ በኩል ሻጋታ ይዟቸዋል፤ ሰውየው ደግሞ ቆሻሻ አይወድም። ስድስቱንም ሳሙና ያለበት ሳፋ ውስጥ ጣላቸው። ብልቃጦቹ ራቁታቸውን ቀሩ። አልጨነቀውም፤ ቅደም ተከተሉን በልቡ ይዟል። ከመስኮቱ በኩል የመጀመሪያው የእማዬ ነው፤ ከዚያ በቀኝ በኩል እየተከተለ ይሄዳል።

ይሄኔ ስልክ ጮኸ።

«እህ፣ ሸተተ?» አለች ሚስቱ።

«ሰፈሩ ሊሰደድ ነው።»

«እሰይ! የእማዬ አረፋ ምን መሰለ?»

ለማየት ትሪውን በጣቱ ወደ ብርሃኑ ዞር አደረገ። «ነጭ ነው። ትንሽ አረንጓዴ ነገር ጣል ጣል ብሎበታል።»

«ደህና። ሞላላውስ? እሱ ቶሎ ይበላሻል።»

አሁንም ትሪውን አዞረ። የነርሷንም ጠየቀችው፣ አዞረ። ቢጫውንም ጠየቀችው፣ አዞረ። ከስልኩ ማዶ ሁለት ሕፃናት እኩል ለቅሶ ጀመሩ፤ «ኋላ እደውላለሁ» ብላ ዘጋችው። ጋሼ ደቂቃ ስልኩን አስቀምጦ ወደ ትሪው ዞረ። ከመስኮቱ በኩል የቆመው ብልቃጥ የትኛው ነው? ወደ ቀኝ ነበር ያዞረው ወይስ ወደ ግራ? ስንት ጊዜ? ክብ ትሪ ራስ የለው፣ እግር የለው። በአጉሊ መነጽሩ አንድ በአንድ መረመራቸው፤ ሦስት ቀን የተብላላ ነገር ሁሉም አመድማ ነው፣ ዘሩም ሁሉም ዘር ነው።

ይህን ጊዜ ደውሎ «ተምታታብኝ» ቢላት ኖሮ ይህ ሁሉ ወሬ አይኖርም ነበር። ግን የአንዱን ብሎን ለሌላው ገጥሞ የማያውቅ ሰው እንዲህ ያለውን ነገር በየት በኩል ብሎ ያወጣዋል? «ትሪው ዙሩን ጨርሶ ቦታው ተመልሷል» ብሎ ለራሱ ነገረው። ሁለተኛ ነገረው። ሦስተኛው ላይ አመነ። ክዳኖቹን አደራርቆ እንደ ግምቱ ከደናቸው፤ ዘሩንም በዚያው ስም አጥቦ አደረቀ።

የልውውጡ ቀን ሚስቱ በምትቀመጥበት ወንበር ላይ ተቀመጠ። ነርሷ የአዳራሹ አስተናባሪ ነች፤ ብድግ ብላ «ዘንድሮ ጉድ አለ! የእትዬ እናት ዘር ሊሰጥ ነው» ስትል አዳራሹ በጭብጨባ ተሞላ። አሥራ ሁለቱ ፖስታዎች ዓይን ሳይታሽ አለቁ። ሾፌሩ ፖስታውን ደረት ኪሱ ከትቶ በእጁ ደገፈው።

«ጋሼ፣ ስንት ዓመት ለመንኳት መሰለህ! እንዲያው በእግዜር፣ በደንብ ለይተህ ነው ያስቀመጥካት?»

«እኔ?» አለ ጋሼ ደቂቃ። ሾፌሩ ይህን እንደ ኩራት ቆጠረለትና ትከሻውን ቸብ ቸብ አድርጎት ሄደ።

ከዚያ በራሱ ጓሮ ከየዓይነቱ አራት አራት እግር ተከለ፤ በየድጋፍ እንጨቱም ላይ ስም ጻፈ። በየእሑዱ ሚስቱ ትደውላለች፤ በየእሑዱ «የእማዬስ?» ትለዋለች፤ እሱም «ደህና ናት» ይላል። በዕድሜው እንዲህ ዓይኑን በጨው አጥቦ ዋሽቶ አያውቅም። ደግሞም ውሸት ይሁን እውነት እሱ ራሱ አያውቀውም፤ ግራ ያጋባው ይኸው ነው። ሌላ ሰው ሲዋሽ ቢያንስ እውነቱን ያውቃል።

ፍሬው ቀለም ሲይዝ «የእማዬ» የሚል እንጨት ላይ የተንጠለጠለችው ቲማቲም ቢጫ ሆነች።

መጀመሪያ ገና አልበሰለችም አለ። በማግስቱ የበለጠ ቢጫ ሆነች። በሦስተኛው ቀን ስልኩ ይጮህ ጀመር። «ጋሼ፣ የእትዬ እናት ቲማቲም ቢጫ ናት እንዴ?» ይላል አንዱ። «ጋሼ፣ ውሃ አጠጣጤ ይሆን እንዴ ቢጫ ያደረጋት?» ትላለች ሌላዋ። ለሁሉም «አንድ ደቂቃ» እያለ ስልኩን ጆሮአቸው ላይ ይዘጋል። አሥራ ሁለት ቤት ሙሉ ሰው እንደ ቅርስ የተንከባከበው ቢጫውን ኖሯል። ጋሼ ደቂቃ ሱቁ ገብቶ መስኮቷን ዘጋና ራሱን በሁለት እጁ ይዞ ተቀመጠ።

ሲረጋጋ እርሳስ አነሣ። ሰዓት ሠሪ አይደል፣ የዞረ ነገር ስንት ጥርስ እንደዞረ ማስላት ያውቅበታል። ክብ ሠራ፣ ስድስት ነጥብ አደረገበት። ቢጫው በየእማዬ ቦታ ተገኘ፤ ስለዚህ ትሪው በሦስት ነጥብ ዞሯል። ግሩም! ሞላላው ግን የተገኘው በሾፌሩ እንጨት ላይ ነው፤ ያ ደግሞ በሁለት ነጥብ ነው። ጥቃቅኑ ጭራሽ የገዛ ስሙ ላይ በቅሏል። አንድ ትሪ ሦስት ዓይነት አይዞርም፤ እሱ ራሱ ሲከድን በመሐል አሳስቶ ነበር ማለት ነው። ወረቀቱን ገልብጦ እንደገና ጀመረ። ደንበኛ መጥቶ መስኮቷን ቢያንኳኳ «አንድ ደቂቃ» እንኳን አላለም።

የቀረው የሚያስተዛዝን እውነት ይህ ነበር፤ የእማዬ አልጠፋችም። «የነርሷ»፣ «ቢጫው» እና «ሞላላው» በሚሉት እንጨቶች ላይ ሦስቱ ሮዝ ቲማቲሞች ተንጠልጥለዋል፤ ከሦስቱ አንዷ እሷ ናት። ግን የትኛዋ? አጠገባቸው ተንበርክኮ አገላብጦ አያቸው፣ አሸተታቸው፣ በመጨረሻም ቆርሶ ቀመሳቸው። ቲማቲም ቲማቲም አሉት። አርባ አንድ ዓመት ሙሉ የበላት ቲማቲም ናት፤ ሚስቱ በየዓመቱ የመጀመሪያዋን ቆርጣ ፊቱ ስታስቀምጥ እሱ ዜና እየሰማ ያነሣና ይጎርሳል፣ ከዚያ «ጨው አለ?» ይላል። ይህን ሲያስታውስ ከሌላው ሁሉ የበለጠ አፈረ።

ነርሷንና ሾፌሩን ጠርቶ ጉዱን ነገራቸው። ዘዴው ጥሩ ነበር፤ ሁለቱ የየራሳቸውን ለይተው ካነሡ የቀረችው የእማዬ ናት። ሦስት ሳህን ላይ ቆራርጦ አቀረበ። ነርሷ ከመሐለኛው ሳህን አንድ ጎረሰችና ዓይኗን ጨፈነች።

«ይቺ የኔ ናት። ጥርጥር የለውም።»

ሾፌሩም ከዚያው ሳህን ጎረሰ። «ምን ማለትሽ ነው? ይቺማ የኔ ናት!»

«አንተ ደግሞ! የኔን አላውቃትም?»

«የኔ ልጅ፣ አንቺ ሳትወለጂ ጀምሮ ነው የበላኋት።»

«እሺ የቀሩትን ቅመሱ» አለ ጋሼ ደቂቃ እየለመነ። ቀመሱ። ነርሷ ከግራው ሳህን ስትደርስ ግንባሯን ቋጠረች። ሾፌሩ ከቀኙ ሲደርስ ጢሙን ይዞ ቆመ። «ያንተ አፈር ነው ያበላሻቸው» አለ በመጨረሻ፤ «ጥቁር አፈር ቢሆን ይለዩ ነበር።» ከጓሮው የራሱን ይዞ ሊያመሳክር ሄዶ ሁለት ቲማቲም ይዞ ተመለሰ፤ ከሦስቱም ጋር አንድ መሰሉ። ተኮራርፈው ወጡ፤ በር ላይ እንኳን «አንተ ቅደም»፣ «አንቺ ቅደሚ» አልተባባሉም። ጋሼ ደቂቃ ከበፊቱ ይበልጥ ተምታቶበት ሳህኖቹን አጠበ።

ሚስቱ አሥር ወሯን ጨርሳ በዚያው ቀን ከሰዓት በኋላ ደረሰች። ሻንጣዋን ኮሪደሩ ላይ ጥላ፣ ጫማዋን ሳታወልቅ በጓሮ በር ወጣች። እሱ ከኋላዋ ተከተለ። «የእማዬ» ከሚለው እንጨት ፊት ቆመች። ቢጫውን አየች። ዞራ እሱን አየች።

«ክዳኑ ላይ ጻፍኩት» አላት። ከአሥር ወር «ደህና ናት» በኋላ የወጣው ቃል ይህ ነበር። ከዚያ ሁሉንም ነገራት፤ ሳፋውን፣ ስልኩን፣ ትሪውን፣ አሥራ ሁለቱን ፖስታ። «ከሦስቱ አንዷ እሷ ናት። እኔ መለየት አቃተኝ። አንቺ ታውቂያታለሽ፤ ቅመሽና ንገሪኝ። ከዚያ እንደፈለግሽ ስደቢኝ።»

ሚስቱ አልተሳደበችም። ያ ደግሞ ይበልጥ አስፈራው። ገብታ እጇን ታጠበች፤ እሱ ከሦስቱም እንደገና ቆራርጦ ሦስቱን ሳህን ወጥ ቤት ጠረጴዛ ላይ ደረደረ፤ ቁጭ አለች።

የመጀመሪያውን ጎረሰችና ፊቷ ፈካ። «ይቺ ናት! እማዬ ናት!» አለች። ሰውየው የወንበሩን መደገፊያ ያዘ። እጇ ግን ወደ ሁለተኛው ሳህን ሄደ፤ እርግጠኛ ሰው መቼም አርፎ አይቀመጥም። አላመጠች። ማላመጧ እየቀዘቀዘ መጣ። «ቆይ» አለች። «ይቺ ናት እንጂ። ያቺ ጣፋጭ ናት፣ እማዬ ትንሽ መረር ትላለች።» ሦስተኛውን አነሣች። ወደ መጀመሪያው ተመለሰች። እንደገና ሁለተኛውን ቀመሰች። ከዚያ እጇን ጠረጴዛው ላይ ዘረጋች።

«የትኛዋ ናት?» አለ ጋሼ ደቂቃ ቀስ ብሎ።

«አላውቅም።»

«እንዴት አታውቂም? አንቺ እኮ…»

«አላውቅም አልኩህ!» ዓይኗ ሞላ። «በየዓመቱ ስበላት የእማዬ ናት እያልኩ ነው የምበላት። እንጨቱ ላይ ተጽፏል፣ አነባለሁ፣ እበላለሁ። ለካ ጣዕሟን ረስቼዋለሁ። መቼ እንደረሳሁት እንኳን አላውቅም።» ሳህኑን ራቅ አደረገችው። «የእማዬን ድምፅም ረስቼዋለሁ። ይቺ ትቀረኛለች ብዬ ነበር።»

ጋሼ ደቂቃ ለስድብ ተዘጋጅቶ ነበር የጠበቀው፤ ለዚህ ግን አልተዘጋጀም። ይቅርታ ይጠይቃት? ለየትኛው? እሱ ዘሩን አሳሳተ፤ ይህን ግን እሱ አላደረገውም፤ ይሁንና እሱ ባያሳስት ኖሮ ሳታውቀው ትኖር ነበር። ከጎኗ ያለውን ወንበር ስቦ ተቀመጠ።

«ሦስቱንም እናስቀምጣለን» አለች በመጨረሻ፣ አፍንጫዋን በመሐረብ እየጠረገች። «ሦስቱንም የእማዬ እንላቸዋለን። አንዷማ እሷ ናት።»

«አንዷን አማት ስንት ዓመት ችዬ!» አለ ሳያስበው። «አሁን ሦስት ልታደርጊብኝ ነው?»

የተናገረውን ሲሰማ ደነገጠ። ሚስቱ ቀና ብላ አየችው። ከዚያ ሳቅ አፈናት፤ ሳቋ ከለቅሶዋ ጋር ተደባልቆ የትኛው የትኛው እንደሆነ እሱ መለየት አቃተው። ይቅር ብላው ይሁን ደክሟት ይሁን አላወቀም። ሊጠይቃት ሲል እጁ ግድግዳው ላይ ወዳለው ሬዲዮ እየሄደ መሆኑን አየች፤ በልማዱ የዜናው ሰዓት ደርሶ ነበር።

«ተወው» አለችና እጁን መለሰችው። ከሦስቱም ሳህን አንድ አንድ ቁራጭ አንሥታ ፊቱ አስቀመጠችለት። «ብላ። ዘንድሮ እንኳን እያጣጣምክ ብላ።»